ቁልቁለቱ የሚያልቅበት

«ጽጌ፣ አጎቴ ዐረፉ» አለችኝ ሐያት በስልክ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለንደን፣ ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች የምናሽግበት ፋብሪካ የዕረፍት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ሻይዬን ገና አልቀመስኩም። «ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው። ሐኪም መጥቶ አይቷል፣ ወረቀቱም አልቋል። እኩለ ቀን ላይ የመስጊዱ ሰዎች መጥተው ይወስዷቸዋል።» ቀጥላም «ደግነቱ ዛሬ ሊፍቱ ይሠራል» አለችኝ።

ሰው ሲደነግጥ አፉ ላይ የሚመጣው የማይረባ ነገር ነው። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ሰው ሞቶ ሊፍት ስለሠራ አመሰገንኩ። ግን ጋሽ ኑሩን የሚያውቅ ሁሉ ያን ቀን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሊፍቱ ነበር።

ጋሽ ኑሩ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ፣ የመፍረስ ተራውን በሚጠብቅ ሕንፃ ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በራቸው ከእኔ በር ፊት ለፊት የነበረ ጎረቤቴ ናቸው። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። በአገራቸው ሃያ ዓመት ተሳቢ እየጎተቱ ከአዲስ አበባ አሰብ ተመላልሰዋል፤ መንገዱን ከነመታጠፊያው በቃላቸው ይዘውታል። ያን ሁሉ አገር ያካለለ ሰው በስተርጅና የደረሰው መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት ነው። መስኮታቸው የሚያሳየው ክሬን ነበር። ከፎቃችን ስድስት ቤቶች አራቱ ሰው ለቋቸው በብረት ታሽገዋል፤ ኮሪደሩ ላይ የቀረነው እሳቸውና እኛ፣ ማለትም እኔና ልጄ ሶሊ ብቻ ነበርን።

ጋሽ ኑሩ አይወርዱም። ሲጠየቁ «ጉልበቴ ነው» ይላሉ። ወደ ምድር ቤት ለመዛወር አፕላይ አድርገው ወረፋ ላይ ከሆኑ ዘመን አልፏል። አስቤዛ የምታመጣላቸው የእኅታቸው ልጅ ሐያት ናት፤ ሐኪሙ በስልክ ያነጋግራቸዋል፤ ለዒድ ሰው እሳቸው ዘንድ ይወጣል እንጂ እሳቸው ወደ ሰው አይወርዱም። ከቤታቸው በር እስከ ሊፍቱ በር ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ዓለማቸው ያ ነበር።

ያችን ሃያ ሁለት እርምጃ ግን አንድም ቀን አላስታጎሏትም። የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ የጋዝ ቆጣሪ የሚያነበው እንግሊዛዊ ሳይቀር፣ ግድግዳ እየተደገፉ እስከ ሊፍቱ ይሸኛሉ። ሊፍቱ ሲበላሽ፣ ያም በየሳምንቱ ነው፣ ደረጃው አፋፍ ላይ ይቆማሉ። ሶሊ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወርድ በየፎቁ ቁጥሩን እየጮኸች ትነግራቸዋለች። «ዐሥር! ዘጠኝ! ስምንት!» ድምጿ እየራቀ ሄዶ «ዜሮ!» ስትል፣ ከላይ «አላህ ያግባሽ!» ብለው በሰላም እንድትደርስ ይመርቋታል። ያን ሳትሰማ የውጪውን በር አትከፍትም። ስንቴ ባስ አምልጦናል።

ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ከሥራ እስክመጣ ሶሊ እሳቸው ዘንድ ትቆያለች። ወንበር ላይ አስቀምጠው በመጥረጊያ እንጨት ማርሽ ያስተምሯታል። «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ዳገት ሞተርን ነው የሚፈትነው፣ ቁልቁለት ሹፌሩን።» ልጄ ሳይክል መንዳት ሳትችል ፍሬን ሲሞቅ ምን እንደሚሸት ታውቅ ነበር። ደግሞ «አንተ» ነው የምትላቸው። እዚህ የተወለዱ ልጆች እርስዎ ማለት አይሆንላቸውም፤ እኔ ስቆጣ «ተያት፣ አንተ ስትለኝ ወጣትነቴ ይመጣል» ይሉኝ ነበር።

ሶሊ ስምንት ዓመቷ እያለ አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋ እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆመችኝ። ለፋሲካ ዕረፍት ቤተሰቡ በረዶ ላይ ለመንሸራተት እንደሚሄድና ሶሊን ይዘዋት መሄድ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። «ሶሊማ ስኪ ጎበዝ ናት አይደል፤ በየዓመቱ ትሄዳላችሁ አሉ!» አለች።

በየዓመቱ የምንሄደው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሴትዮዋን አመስግኜ፣ ሶሊን እጇን ይዤ፣ ዐሥራ አንድ ፎቅ በእግር እያስወጣሁ ስቆጣት ጋሽ ኑሩ ድምጼን ሰምተው አፋፉ ላይ ጠበቁን። እንባዋን እየጠረገች ነገረቻቸው። ሁሉም ልጅ ለዕረፍት የት እንደሚሄድ ሲያወራ እሷም እንሄዳለን አለች፤ የት ሲሏት «ትንሽ ቦታ ናት፣ አታውቋትም» አለች።

ጋሽ ኑሩ ሳቁ። «ፋሲካ ስንት ጊዜ ቀርቶታል?»

«ሦስት ወር ገደማ። ምነው?»

«መሃል ላይ የየካቲት ዕረፍት አለ። ወስደሽ ታለማምጃታለሽ። ልጅቷ ትንሽ ቦታ ናት ብላለች፤ ትንሽ ቦታ መፈለግ ነው።»

«ጋሽ ኑሩ፣ ስለ ስኪ ምን ያውቃሉ?»

«ስለ ስኪ ምንም። ስለ ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ከፈለግሽ ግን ተሳስተሽ ወደ ሌላ በር አትሂጂ።»

እኔ ለንደን አቅራቢያ ያለውን፣ ጣሪያ ለብሶ ሰው ሠራሽ በረዶ የሚነጠፍበትን ቦታ አስቤ ነበር። ቅርብ ነው፣ በባቡር ደርሶ መልስ ነው። ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ጣሪያ ያለው ተራራ?» አሉ። «ጣሪያ ስር መኖር ለእኔ ይበቃል። ልጅቷን እባክሽ ከጣሪያ ስር አውጪያት።» ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደታሰረ ሰው ያየኋቸው። ከዚያ በፊት ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነበሩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሐያትን አሮጌ ታብሌት ይዘው ካርታ አገላበጡ። ዋጋ አላዩም፣ ሆቴል አላዩም፣ የተራራው ከፍታም አላሳሰባቸውም። እኔና ሶሊ አጠገባቸው እያለን ወደ ስኪ ቦታዎች ይደውላሉ፤ ስፒከር ላይ ያደርጉታል። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን እንደ ጭነት መኪና ቀስ ብሎ የትም ይደርሳል።

«ሃሎ። እኔ የድሮ ሹፌር ነኝ። የጀማሪ ልጆች ቁልቁለታችሁ መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

ሰው ሁሉ ስለ አጀማመሩ ሊያወራ ይፈልጋል። አስተማሪ አለን፣ የራስ ቆብ እናከራያለን፣ በረዶው ምርጥ ነው። እሳቸው ሁሉን በትዕግሥት ሰምተው፣ «እሺ። መጨረሻውስ?» ይላሉ። አንዱ ትልቅ ቦታ «ምግብ ቤታችን በረንዳ ላይ ያበቃል» አለ። «ሰው ሾርባ በሚጠጣበት ላይ ልጅ አልለቅም» ብለው ዘጉት። ሌላው «ከትልቁ ቁልቁለት ጋር ይገናኛል» አለ። «መገናኛ። አደጋ ሁልጊዜ መገናኛ ላይ ነው።» እሱንም ሰረዙት። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሽ ኑሩ፣ ልጅቷ አንድ ጊዜ ወድቃ ብትነሳ ምን አለበት?» አልኳቸው። እሳቸው ቀጣዩን ቁጥር ደወሉ።

በመጨረሻ ስኮትላንድ ያለች አንዲት ሴት ስልኩን አነሳች። መንደርተኛው ተሰባስቦ የሚያስተዳድራት ኮረብታ ናት፤ ሰው የሚጎትት አንድ ገመድና አንድ የቆርቆሮ ቤት ብቻ አላት። ጋሽ ኑሩ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ሴትዮዋ አሰበች። «ታች ስትደርስ መሬቱ መልሶ ትንሽ ሽቅብ ይላል። ከዚያ የገበሬው በጎች በረት አለ።»

«ሽቅብ ይላል?»

«አዎ፣ ትንሽ።»

«ልጅ ማቆም ባይችልስ?»

«መሬቱ ራሱ ያቆመዋል። ይህን የጠየቀኝ ሰው ግን የለም» ብላ ሳቀች።

ስልኩን ዘግተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህቺ ናት» አሉ። ከዚያ ነገሩን። ቡና ጭነው ወደ አሰብ ሲወርዱ ታርማ በር ላይ ፍሬናቸው እምቢ ብሏቸው ያውቃል። ያተረፋቸው ከመንገዱ ዳር ሽቅብ የታረሰ ማሳ ነው፤ ነድተው ገቡበትና መኪናው ዳገቱን ትንሽ ወጥቶ ቆመ። «ሰው ሁሉ መሪ አያያዜን አደነቀ። ያዳነኝ ግን የገበሬው ማሳ ነው። የቁልቁለት ደጉና ክፉው የሚታወቀው ሲያልቅ ነው፣ ጽጌ። ለልጅ ቁልቁለት ስትመርጪ የሚያልቅበትን እይ።» ስለ ትዕግሥቴ ማጠር አፈርኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም።

የመሄጃችን ዋዜማ ሻንጣ አስረን ተሰናበትናቸው። ሶሊ በድንገት አልሄድም አለች። የሆነ ቪዲዮ አይታለች፤ ሰው ሲንከባለል።

«መሃል ላይ ስተክ ብሆንስ፣ ቆሜ ብቀርስ?» አለች።

«ቁልቁል አትይ» አሏት። «ወደ ጎን ዙሪ። እግርሽን ጎን ለጎን አድርገሽ አንዱን ዝቅ፣ ከዚያ ሌላውን ዝቅ። በጎኑ ሲወርዱት ቁልቁለት ደረጃ ነው።»

«አይ'ም ስኬርድ፣ ጋሼ።»

«መፍራት ምን ችግር አለው?»

«አንተም ትፈራለህ። ጉልበትህ አይደለም። ሊፍቱ ሲሠራም አትገባም፣ አንዴ ስተክ ስላደረገህ። ነግረኸኛል።»

አፏን ልይዝ ተነሳሁ። እኔ ሰባት ዓመት ጎረቤት ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ለካ ብቻቸውን ሊፍቱ ውስጥ ተዘግቶባቸው ሦስት ሰዓት ቆይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ሲከፈት ላብ ያጠምቃቸዋል። ይህን የነገሩት ለስምንት ዓመት ልጅ ብቻ ነው። ጋሽ ኑሩ መሬት መሬት እያዩ «እውነቷን ነው» አሉ።

በነጋታው ሊሸኙን አልወጡም። ያ ሆኖ አያውቅም። በራቸውን ባንኳኳ መልስ የለም። ተቀይመዋል ብዬ ደግሜ አንኳኳሁ፤ ሶሊም በእኔ ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች። ባቡር አለን፤ ሻንጣችንን ይዘን በሊፍቱ ወረድን። የውጪውን በር ልከፍት ስል ከደረጃው በኩል ድምፅ መጣ።

«ሦስት!»

ሶሊ ሻንጣዋን ለቀቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ሁለት!» አለ ድምፁ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሮጬ ልወጣ ስል ሶሊ ልብሴን ያዘችኝ። «ተዪው፣ እማ። ብቻውን ነው የሚጨርሰው።» መቼ እንደጀመሩ አላውቅም፤ ከእኛ በፊት ብዙ ቀድመው መሆን አለበት። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ በሁለት እጃቸው ብረቱን ይዘው፣ በጎን፣ አንዱን እግር ዝቅ፣ ከዚያ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ ብቅ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ዜሮ» አሉ። ሶሊን አዩአት። «እኔም ፈርቻለሁ። እየፈራሁ ነው የወረድኩት። በይ ሂጂ፣ አላህ ያግባሽ።»

«እንዴት ነው የሚመለሱት?» አልኩ። ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

«እሱን እኔና ጉልበቴ እንነጋገርበታለን። ባቡሩ አያምልጣችሁ።»

ስንወጣ ዞር ብዬ ሳይ ምድር ቤት የምትኖረው ናይጄሪያዊቷ ማማ ግሬስ በሯን ከፍታ ወንበር እያወጣችላቸው ነበር።

ኮረብታዋ ሴትዮዋ እንዳለችው ናት። በሁለተኛው ቀን አስተማሪው ሶሊን ብቻዋን ለቀቃት። እኔ ታች በረቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ግማሹን መጥታ ቆመች። ወደ ላይ አትወጣ፣ ወደ ታች አትወርድ፤ ሌሎቹ ልጆች በአጠገቧ እልፍ እልፍ ይላሉ። እዚያ ትንሽ ቀይ ጃኬት ውስጥ ልጄ ታስራ አየኋት፤ ልደርስላት አልችልም። ከዚያ ወደ ጎን ዞረች። አንዱን እግሯን ዝቅ አደረገች፣ ሌላውን ዝቅ። ነፋሱ ድምጿን አመጣልኝ። «ዐሥር! ዘጠኝ!» ስድስት ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ ታች አዞረችና ራሷን ለቀቀች። እየፈጠነች መጣች፣ ጮህኩ፣ መሬቱ ሽቅብ አለ፣ ቀስ አለች፣ ቆመች። በጎቹ ቀና ብለው አዩአት። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወዲያው ደወልኩላቸው። «ጋሽ ኑሩ፣ ቆመች። መሬቱ አቆማት።»

«ሽቅብ ነው?»

«እንዳሉት ሽቅብ ነው።»

ከጀርባቸው የባስ በር ሲከፈት ይሰማኛል። «የት ነዎት?» አልኩ። «ቤቴ ነዋ፣ መስኮት ከፍቼ» አሉ። ከዐሥራ አንደኛ ፎቅ የባስ በር ሲከፈት እንደማይሰማ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

በሄድን በአራተኛው ቀን ስንመለስ ማማ ግሬስ ቤት፣ ሶፋ ላይ አገኘናቸው። ጉልበታቸው ደረጃውን አልወጣም አላቸው፤ ሊፍቱ ውስጥ ደግሞ እሳቸው አልገባም አሉ። በአራቱ ቀን ግን ሰፈሩን አዳርሰውታል። መስጊድ ሄደው ጁምዓ ሰግደዋል፤ የፈረሰውን የድሮ ገበያ ቦታ የከበበውን አጥር ቆመው አይተዋል፤ ሁለት ፌርማታ በባስ ሄደው ተመልሰዋል። ያን ያህል ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔ ግን ደንግጬ ስለነበር ተቆጣሁ። «ለልጄ የሚያልቅበትን እይ ይሉኛል፤ ለራስዎ መጨረሻውን ሳያዩ ወረዱ!»

«ለልጅ ነው የሚታየው» አሉኝ። «ሽማግሌ መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቃል።»

ሶሊ ዝም ብላ ሄዳ ሊፍቱን ጠራች። በሩ ተከፈተ። እጇን ዘረጋችላቸው። «ዓይንህን ጨፍን። እኔ እቆጥራለሁ።» ቆሙ። ላብ ግንባራቸው ላይ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ እጇን ይዘው ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ዐሥራ አንድ አደረሰቻቸው።

ለፋሲካ ከጓደኛዋ ጋር ሄደች። ስትመለስ «ትልቅ ነው፣ ግን መጨረሻው አይታይም» ብላ ለጋሼ ሪፖርት አደረገች፤ በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጇን ይዘው በሊፍቱ ይወርዱ ነበር። ከእሷ በቀር የማንንም እጅ ይዘው ሊፍት ገብተው አያውቁም፤ ሐያትም ለምና እምቢ ብለዋታል።

ከዚያ ለእኛ ቤት ደረሰን፤ ከወንዙ ማዶ፣ አርችዌይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። እልል አልኩ። ሊፍቱ በር ላይ ሸኙን። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን» አልናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መጣንም። ከዚያ የሶሊ የዋና ትምህርት ቅዳሜ ሆነ። እኔንም የቅዳሜ ፈረቃ አስገቡኝ። በስልክ «ይወርዳሉ?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት እንኳ ወርጄ ነበር» ይሉኛል። አመንኳቸው። ማመን ይቀለኝ ነበር።

ሐያት መርዶውን የነገረችኝ ቅዳሜ ከፋብሪካው ወጥቼ ለሶሊ ደወልኩ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው አሁን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ «ባቡር ያዢና ጋሼ ጋ ነይ» ብቻ አልኳት።

«ልናወርደው ነው?» አለችኝ ደስ ብሏት።

«አዎ» አልኩ። ጣቢያው በር ላይ ጠብቄ አቅፌ ነገርኳት። ሳታለቅስ ሰማችኝ። ማልቀስ የጀመረችው ሕንፃው ውስጥ ገብተን ሊፍቱን ስትጠራ ነው።

ላይ ስንደርስ ሐያትን ጥግ ይዤ ጠየቅኳት። «እኛ ከሄድን ስንቴ ወረዱ?»

ሐያት መሬት መሬት አየች። «አንዴም አልወረዱም» አለች። «‘ለጽጌ አትንገሪያት፣ የሥራ ሰው ናት’ ይሉኝ ነበር።»

የልጄን መንገድ እስከ መጨረሻው አይተው የመረጡትን ሰው፣ እኔ ከበራቸው እስከ ሊፍቱ ባለችው እርምጃ ውስጥ ትቻቸው ሄጃለሁ። ይህን ሰው እንዲነግረኝ አልጠብቅም፤ ራሴ አውቀዋለሁ።

የመስጊዱ ሰዎች አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ሶማሌ፣ ሁለቱ ፓኪስታናዊ። ቃሬዛውን አንስተው ሃያ ሁለቱን እርምጃ ሄዱ። ሊፍቱ ተከፈተ። ለኩ፣ አዘነበሉ፣ መልሰው ለኩ። አይገባም። «ቀጥ ብሎ ካልቆመ በስተቀር» አለ አንዱ በእንግሊዝኛ።

«በደረጃ» አለች ሶሊ። «በሊፍቱ ብቻውን አይወድም።»

ደረጃው ጠባብ ነው። ተሸካሚዎቹ ፊት ለፊት ሊወርዱ አልቻሉም፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ በጎን፣ አንዱን እግር ዝቅ፣ ከዚያ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ ነበር የሚወርዱት። ሶሊ ከፊታቸው ቀደመች። በየፎቁ ቆማ ወደ ላይ እያየች ቁጥሩን ትናገራለች። ዐሥር። ዘጠኝ። ስምንት። በብረት በታሸጉት በሮች መካከል ድምጿ ብቻውን ይሰማል። ሦስት ላይ ሲደርሱ አንዱ ደከመው፤ ቃሬዛውን አሳረፉ። ሶሊ ጠበቀቻቸው። ማማ ግሬስ በሯን ከፍታ ቆማለች።

«ዜሮ» አለች ሶሊ፤ ከዚያ በልማዷ ቀና ብላ ወደ ላይ ጠበቀች።

ከላይ መልስ አልመጣም። እጇን ቃሬዛው ጫፍ ላይ አድርጋ፣ «አላህ ያግባህ፣ ጋሼ» አለች።

ሰዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ አንዷን ቃል ግን ሰምተዋት «አሚን» አሉ። በሩን ከፈትኩላቸው።